የአባቴ ሚስት ስምንተኛ

ጅዳ ሳለሁ ሳፋ ከሚባለው ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት ነበር የምሠራው። ከዚያ እስከ መካ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በሐጅ ወቅት ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ የጫኑ አውቶቡሶች ተከታትለው ሲያልፉ አይ ነበር። ከስንት ባሕር ማዶ፣ ዕድሜ ልኩን ለዚያ ቀን ሲቆጥብ የኖረ ሰው ነው። እኔ እዚያው አፍንጫው ሥር ተቀምጬ ሐጅ አላደረግሁም።

ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቤተሰቡ ለሐጅ በሄደ ቁጥር አብሬ እንድሄድ ትጠይቀኛለች። አንድ ዓመት ወገቤን አመመኝ አልኳት። በሚቀጥለው ጉልበቴን። ከዚያ በኋላ "ዘንድሮ ደግሞ ተረኛው የትኛው አካልሽ ነው?" እያለች ትስቅብኝ ጀመር። ያመመኝ ወገቤም ጉልበቴም አልነበረም። የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ ነበረብኝ፤ እሱን ተሸክሜ ካዕባ ፊት መቆም አፈርኩ።

አሁን የልጅ ልጆቼ "ሐጂያ" ብለው ይጠሩኛል። በጠሩኝ ቁጥር የምትታወሰኝ አንዲት ሴት ናት። ስለዚህ የሷን ነገር እንደሆነው ልጻፈው።

አባቴ የወሎ ገበሬ ነበር። እናታችን ሦስታችንን ትታ ስትሞት ሌላ ሴት አገባ። ከቆላ የመጣች ናት፤ ባካባቢው ወገን የሚባል አልነበራትም፤ ልጅም አልወለደችለት። እኛ "እታለም" እንላት ነበር። የእንጀራ እናት ክፋት የሚወራውን ያህል እኔ ከሷ አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ መታችኝ፤ ያኔም ጥፋቱ የኔ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በንጉሡ ጊዜ ለሐጅ ብሎ ሄዶ መካ ቀረ። ሩሰይፋ በሚባለው የመካ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ያገባት ሴት አያቶቿ ከኛ አገር የሄዱ፣ እሷ ግን እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ አታውቅም። ልጆቹ ሲጣሉም ሲያለቅሱም በዐረብኛ ነው። ታናሽ ወንድሜ በባሕር መጥቶ ጅዳ ካራንቲና በሚባል ሰፈር ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ወደብ ላይ ይሸከማል። እኔ ደግሞ ባሌ ሲሞት ልጆቼን ለአማቴ ትቼ መጣሁ።

እንዲህ ሆነን እታለም ብቻዋን ከአባታችን ጋር ቀረች። ደርግ መሬት የመንግሥት ነው ብሎ ሲያውጅ፣ ገበሬ ማኅበሩም በእጁ ላላረሰ አልሰጥም ሲል፣ አባቴ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። በሬ ያለውን ሰው እየለመነች፣ ለውለታውም ማሳውን እያረመችለት መሬቱን ጦም ሳታሳድር አሳረሰችው። በዚህ ምክንያት የቤቱ ቦታም፣ ወንዝ ዳር ያለው ማሳም፣ ዳገቱም በአባቴ ስም ጸንተው ቆዩ። እሷ ባትኖር አንዲት ጥማድ አትተርፍም ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማወቅ ግን ሌላ ነው።

የአባታችንን መሞት በሰማን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ታላቅ ወንድሜ ጠራን። ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ሩሰይፋ ቤቱ ስገባ ታናሼ ቀድሞኝ ደርሷል። ከሱ ሌላ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ከወሎ ለትምህርት መጥተው መካ ያረጁ ሼህ ናቸው፤ የአገራችን ሰው ተጣልቶ የሚታረቀው በሳቸው ፊት ነበር። ሌላው ለሐጅ ወቅት እየመጣ የሚመለስ የደሴ ነጋዴ ነው፤ የኛን መንደር ያውቃል። መካከላቸው ምንጣፉ ላይ የወንድሜ ቴፕ ተቀምጧል።

ያን ጊዜ ማንበብ የሚችል ዘመድ ስላልነበረን ድምፃችንን በካሴት እየቀዳን ነበር የምንልከው። ወንድሜም ክፍፍሉን ቀድተን እንላክ፣ የአገር ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሰምተው ምስክር ይሁኑ አለ። ቀዩን ቁልፍ ተጫነ፤ ሼሁ ዱዓ አደረጉ።

ከዱዓው በኋላ የመጀመሪያው ተናጋሪ ታናሼ ሆነ። "ጋሼ፣ መሬቱን ደርግ ወስዶታል። እኛ አሁን የምንካፈለው ወሬውን ነው?"

ታላቁ ተቆጣው። ደርግ አንድ ቀን ይሄዳል፣ ያን ቀን ድንበሩን የማያውቅ ሰው ይቀማል፣ ዛሬ ያልተካፈለ ወንድማማች ነገ በገጀራ ይካፈላል አለ። ሁላችንም አመንነው። እዚያ አገር ያለን ሰዎች ሁሉ ያን ጊዜ እንዲሁ ነበርን፤ ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ወረቀታችን፣ የሰው እጅ ላይ፣ ከፊል የምንለው አሠሪያችን ውጡ ካለን የምንወጣ ስንሆን፣ ልባችን የሚተኛው አንድ ቦታ የኔ የምንለው ድንበር አለ ብለን ነው።

ከዚያ ታላቁ በሸሪዓ እንካፈል አለ። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብዬ የምሰማ ሴት አይደለሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ዳቦ ሲቆረስ የማን በልጦ የማን አነሰ የምል ነበርኩ። ያ መሬት እኮ ከአባቴ እናት የመጣ ነው አልኩ። እሷ ከወንድሞቿ እኩል ባትካፈል ኖሮ አባቴ ወንዝ ዳሩን ከየት ያገኘው ነበር? በአገራችን ደንብ ርስት ሲሆን ሴትና ወንድ እኩል ነው። አጥንቴን ከአባቴ ጀምሬ እስከ ሰባተኛው ቤት፣ መሬቱን እስካቀናው ሰው ድረስ፣ ሳልደናቀፍ ቆጠርኩላቸው። ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ አለው።

"መካ ላይ ተቀምጠሽ ሸሪዓን አልፈልግም ትያለሽ?" አለኝ ወንድሜ።

"አንተስ መካ ላይ ተቀምጠህ የወሎን ዳገት ምን ያደርግልሃል?"

ታናሼ ሳቀ። ሼሁም ፈገግ አሉ፤ ቀጥለው ግን ያልጠበቅነውን አመጡ። በሸሪዓ የምትካፈሉ ከሆነ የሟቹ ሚስት አለች አሉ። ልጅ ለተወ ሰው ሚስት ስምንተኛዋን ታገኛለች፤ የሷ ሳይወጣ የልጆች አይከፈልም።

እታለም እስከዚያ ደቂቃ ድረስ በማናችንም አፍ አልተነሳችም ነበር። እኔ የሰማሁት የሷን ድርሻ አይደለም፤ የኔ ክርክር ሲንሸራተት ነው። ሸሪዓ በሷ በኩል ከገባ ለኔም አንድ እጅ ብቻ ይዞልኝ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ፈጥኜ፣ ድምፄንም ወደ ቴፑ አዙሬ፣ እንዲህ አልኩ፦

"ርስት በአጥንት ነው እንጂ በአልጋ አይደለም። ከቆላ የመጣች ሴት ከአባቴ አጥንት ላይ ምን አላት?"

ውሸት አልነበረም። በአገሩ ደንብ ልጅ ያልወለደች መጤ ሚስት ርስት የላትም። ነጋዴው "ደንቡስ ነው" አለ። እንዳያሸንፈኝ የፈራሁት ታላቅ ወንድሜም ክርክሩን ወዲያው ተወው፤ "ይሁን፣ በአገራችን ደንብ እንሂድ" አለ። እንዲህ በቶሎ መርታቴ ገረመኝ። ስምንተኛዋ ከወጣች ከሱም እንደምትቀነስ የገባኝ ሰንብቶ ነው።

ሼሁ ብቻ አልተስማሙም። ወንድሜ የጨርቅ ነጋዴ ነውና በሱ ቋንቋ ተናገሩ። "ከሁለት ጣቃ የሚያምርባችሁን የሚያምርባችሁን ቆርጣችሁ አንድ ልብስ ሰፋችሁ" አሉ። "እሷ ራቁቷን ቀረች።"

ዕጣ ጣልን። እንደ አገራችን ወግ እያንዳንዳችን አንዳንድ ዕቃ ሰጠን፤ ታላቁ ከሱቁ ቁልፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ማለቴ ነው፤ ታናሹ ከኪሱ የለስላሳ ቆርኪ፤ እኔ ከአንገቴ ላይ አንዲት ጨሌ። ዕጣ የሚያወጣው ዕቃው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የወንድሜን ሚስት ጠሩ። ከመጋረጃው ኋላ እጇን ብቻ አወጣች፤ ምን እንደምታወጣ አላወቀችም፣ የምንለውንም አትሰማም። ለወንዝ ዳሩ የሸሚዙ ቁልፍ ወጣ። ለዳገቱ ቆርኪው። "ድንጋይ መሸከም ለለመደ ሰው ድንጋይ ደረሰው" አለ ታናሼ። የቤቱ ቦታ ከነጓሮው በኔ ጨሌ ላይ ወደቀ።

እታለም የምትኖርበት ቤት ማለት ነው።

ወላሂ እንድትወጣ አላሰብኩም። ቤቱን አልፈለግሁትም፤ ምን አደርገዋለሁ? እኔ የፈለግሁት ከወንድሞቼ እኩል መሆኔን ነበር፤ ያም ተባለልኝ፤ በካሴትም ተቀዳልኝ። ያን ቀን ወደ ሳፋ ስመለስ መኪናው ውስጥ ተደስቼ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሹፌሩን ስለ ሰባት ቤቴ አጫውቼው ነበር፤ የመናዊ ነበር፣ ምን እንደምል አልገባውም።

ነጋዴው ካሴቱን ይዞ ሄደ። በሚቀጥለው የሐጅ ወቅት ሲመለስ ሩሰይፋ መጥቷል ሲሉኝ ማዳሜን አስፈቅጄ ሄድኩ። የዘመድ ሰላምታ ሊያደርስልኝ ነው ብዬ ነበር። ሰላምታውን አደረሰ፤ እህሉን፣ ከብቱን፣ የሞተውን፣ ያገባውን ነገረኝ። ስለ ካሴቱ እኔ እስክጠይቀው አላነሳም።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት እኛው ቤት ነው፤ ሰፊው ቤት እሱ ስለሆነ። እታለም ቆሎ ቆልታ፣ ውኃ ቀድታ አስተናገደቻቸው። ምን እንደሚሰማ አታውቅም፤ የልጆቹ ድምፅ መጣ ነው የተባለችው። የታላቄ ድምፅ ሲሰማ ሰዉ "አቤት፣ ዐረብ ሆኗል" ብሎ ሳቀ። የኔ ድምፅ ሲወጣ ደግሞ "ልጅቱ ናት፣ ልጅቱ ናት" ተባባሉ። እታለም ማሰሮዋን እንደያዘች በደንብ ልትሰማኝ ወደ ቴፑ ቀረብ አለች። አጥንት ስቆጥር፣ አባቴ እንዴት እንዳስጠናኝ እያስታወሰች ፈገግ ትል ነበር አለኝ።

ከዚያ ያ ቃል መጣ። ነጋዴው ማጥፋት እንዳለበት አውቆ እጁን ሰደደ፤ ግን የወንድሜን ቴፕ እንጂ እዚያ የነበረውን ቴፕ አያውቀውም፤ ቁልፉ ጠፍቶበት ድምፁን ጭራሽ ከፍ አደረገው።

"ምን አለች?" አልኩት።

"ምንም። 'እውነቷን ነው' አለች። ውኃ ላልደረሳቸው ዞራ ቀዳችላቸው።"

በማግሥቱ ቁርበቷንና ሁለት ዕቃዋን ይዛ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ በሩን በገመድ አስራ ወጣች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይቀር ተከትሎ ለምኗታል። መሬቱ በሕግ ያንቺ ነው፣ ጅዳ ያለ ሰው እዚህ መሬት የለውም፣ ማንም አይነካሽም አላት። "ሕጉ የናንተ ነው" አለችው፤ "አጥንቱ የነሱ ነው።" ወደ ቆላ፣ ወደ ወንድሟ ልጆች ሄደች። ባዶውን ቦታ ማኅበሩ ለሌላ ቤተሰብ ሰጠው።

ነገሩን ሲጨርስ ተነሥቼ ወደ ወንድሜ ማድ ቤት ገባሁ። የቆሸሸ ዕቃ አልነበረም። ንጹሑን ብርጭቆ ሁሉ አወረድኩና አንድ በአንድ አጠብኩ። የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ በዐረብኛ መናገር የምችለው "ኸላስ፣ ኸላስ"፣ በቃ፣ በቃ፣ ብቻ ሆነ።

አገሩን ሁሉ እያመሰ ያለ መንግሥት ያልነቀላትን ሴት እኔ በአንድ ቃል ነቀልኳት። በምንም ሕግ ልትወጣ አይገባትም ነበር። የወጣችው ደንቡን እኔን ያህል፣ ምናልባትም ከኔ በላይ ስለምታከብረው ነው። እኔ በደንቡ ስከራከርበት እሷ ኖረችበት።

ሼሁ ዘንድ ሄድኩ። የማላውቀውን አልነገሩኝም። የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ይቅር ብሎ ሐላል ካላለ አይወርድም አሉኝ። ሐጁ አይያዝልኝም እንዴ ብላቸው፣ ይያዝልሻል፣ ሐቁም ይያዝብሻል አሉ። ከዚያ ወዲህ ነው ወገቤና ጉልበቴ በየተራ መታመም የጀመሩት። ወንድሜን ልጠይቅ ስሄድ እንኳ ወደ ሐረም፣ ወደ ታላቁ መስጊድ፣ አልወርድም ነበር።

ታላቁን ገጥሜው ነበር። እንደገና እንቀመጥ፣ በሸሪዓ ይሁን፣ እኔ አንድ እጄን እወስዳለሁ፣ እሷ ስምንተኛዋን ታግኝ አልኩት።

"አሁን ሸሪዓ ትዝ አለሽ?" አለኝ። ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ቀና አላለም። "ያን ቀን አፍሽን ማን ይዞት ነበር?"

"አንተስ የቴፑን ቁልፍ ማን አስይዞህ ነበር? ያን ቃል ደምስሰኸው መላክ አትችልም ነበር?"

ሜትሩን አስቀመጠ። ምስክርነት ነው፣ አይቆረጥም ብሎ ሊመልስልኝ ጀምሮ ተወው። ለሱ ወንዝ ዳሩ ደርሶታል፤ ቃሌ ደግሞ ወንዝ ዳሩን የሚያጸና ነበር። እሱን መውቀስ ለጥቂት ጊዜ ቀለል ያደርገኝ ነበር። ወደ ሳፋ ሳልደርስ ይመለስብኛል።

እንዲህ እያልኩ ሦስት የሐጅ ወቅት አለፈ፤ በሦስተኛው፣ ነጋዴው ወደ አገር ከመመለሱ በፊት ካሴት ልሰጠው ወሰንኩ። የማዳሜን ልጅ ትንሽ ቴፕ ለምኜ ሰገነት ላይ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ገባሁ። ስቀዳ፣ ስሰማ፣ ሳጠፋ ቀኑ አለቀ። በሰማሁት ቁጥር ስከራከር አገኘዋለሁ። "እታለም፣ እኔ እኮ ያልኩት ለሴት ልጅ እኩልነት ነው" እላለሁ። "እታለም፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም" እላለሁ። የራሴን ድምፅ ስሰማ እዚያ መንደር ውስጥ ሰዎቹ ምን እንደሰሙ ገባኝ፤ ደረቅ፣ ቸኮል ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል የሚረግጥ ድምፅ ነው። በመጨረሻ ሁሉን ትቼ ይህን ብቻ አልኩ፦ "እታለም፣ በድዬሻለሁ። ቤቱ ያንቺ ነበር። ሐላል በይኝ።" የቀረው ካሴት ባዶ ነው።

ያን ካሴት ይዞ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ የድርቁ ጊዜ ነበር። ዝናብ ቀርቷል ይባላል። ካራንቲና የወሎ ሰው ሲገናኝ ሰላምታው "ከቤት ምን ሰማህ?" ሆነ። የደጋው ሰው እንዲህ ከሆነ ቆላው እንዴት ይሆናል እያልኩ ነበር ምግብ የማቀርበው። ማዳሜ የተረፈውን ሩዝ ድፊው ስትለኝ መድፋት አልቻልኩም፤ ቆሜ በላሁት።

ነጋዴው ተመልሶ ሲመጣ ካሴቱን መለሰልኝ። ቆላ ወርዶ አግኝቷታል። መጀመሪያ ከቤቴ ላስወጣኝ ሣጥን አልናገርም ብላ ነበር አለኝ፤ ከዚያ ግን ስጠኝ አለች። ሰገነት ላይ ወጥቼ ከፈትኩት። ከኔ ድምፅ በኋላ መጣች።

"ልጄ፣ ሰማሁሽ። ሐላል ብያለሁ። ቤቱ የአባትሽ ነበር፤ አሁን የሌላ ሰው ነው፤ ልጆች አሏቸው፤ አታስወጪያቸው። አልጋ ያልሽው ነገር ግን፤ አባትሽ ዓይኑ ከጠፋ ወዲያ እኔ አልጋ ላይ አልተኛሁም። ከሥሩ ነበርኩ፤ ሲነሣ እንዳይወድቅ። አንቺ አልነበርሽም፣ አታውቂም። ያልሽው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት መልሺው። ከዚያ ሐጅሽን አድርጊ። ያን አገር ባየው እንዴት ደስ ባለኝ፤ ለኔም እዪልኝ።"

ከዚያ የፍየል ድምፅ ይሰማል፤ እሷም "ይኸው ነው፣ ዝጋው" ትለዋለች።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሁሉንም ሩሰይፋ ሰበሰብኳቸው። ወንድሞቼ፣ ሼሁ፣ ነጋዴው፤ በዚያው ምንጣፍ ላይ፣ ያው ቴፕ መካከላችን። የተቀመጥኩበትን ቦታ እንኳ አልቀየርኩም። ቀዩን ቁልፍ ራሴ ተጫንኩት። ርስት በአጥንት ነው በአልጋ አይደለም ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። አልጋ ያልኩት አባቴ የታመመበትን ነው፤ እሷ የተኛችው መሬት ላይ ነው። አባቴን የያዘችው፣ መሬቱንም ለኛ የያዘችው እሷ ናት፤ ቃሌን መልሻለሁ፤ ስምንተኛዋንም ከኔ ድርሻ ላይ አንሡላት።

ሼሁ "ከምኑ ላይ?" አሉኝ።

ከዕጣው የደረሰኝ የቤት ቦታ ላይ የሌላ ሰው ልጆች ይጫወታሉ። ነገር ሲከብድ የሚቀልደው ታናሼም ያን ቀን አልቀለደም። "እትዬ፣ ካንቺ ቃል በቀር የሚመለስ ነገር የለም፤ እሱን መልሰሻል" አለ። ታላቁ ወደ ምንጣፉ እያየ "ከኔም ላይ ይነሣ" አለ፤ በጣም ዝቅ አድርጎ ስለተናገረ ቴፑ ላይ መሰማቱን እጠራጠራለሁ።

ነጋዴው ካሴቱን ያዘ። እኔም በዚያ ዓመት ለማዳሜ ወገቤም ጉልበቴም ድኗል አልኳት፤ ከቤተሰቡ ጋር ሐጅ አደረግሁ። ካዕባን ሳይ አለቀስኩ፤ ግን ሁሉም ሰው ያለቅሳል። በየደረስኩበት "እታለም፣ ይኸውልሽ" እላለሁ፤ እብነ በረዱን፣ ርግቦቹን፣ የዘምዘምን ውኃ፣ ለሷ የምነግራት ይመስል አንድ በአንድ ዓይኔ ይለቅም ነበር። ነጋዴው ሲመለስ በካሴት ልልክላት አስቤ።

ነጋዴው ሲመለስ ቃሌን የመለስኩበት ካሴት እንደተጠቀለለ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ቆላው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። የወንድሟ ልጆች ተበትነዋል። እሷ እህል ወደሚታደልበት መንገድ ዳር ወጥታ ነበር። ሰው የሚጠራው በየመንደሩ ነው፤ በቆላው መንደር አልተመዘገበችም፣ በኛ መንደር ደግሞ ለቅቃ ሄዳለች ተብላ ተሰርዛለች። ተራ ስትጠብቅ እዚያው ሞተች። ቀብሯን ያዩ ሰዎች ነገሩት።

ሐላል ብላኛለች። ይህን ሁሉም ያስታውሰኛል፤ ሼሁም፣ ወንድሞቼም፣ ኋላ ልጆቼም። እሷ ሐላል ስትል ግን ገና እህል ነበራት።

በሚቀጥለው ዓመት በሷ ስም ሐጅ ላደርግላት ተነሣሁ። ለሞተ ሰው፣ የራሱን ሐጅ የጨረሰ ሰው ሊያደርግለት ይችላል። ስምንተኛዋን በመሬት መስጠት ካልቻልኩ ይህን ልስጣት አልኩ። ሼሁ ዘንድ ሄጄ ኒያውን፣ በሷ ስም ማሰቤን የምናገርበትን ቃል፣ እንዲያስተምሩኝ ጠየቅኋቸው። አሰላሰሉና "ስሟን ከነአባቷ ንገሪኝ" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ስሟን አውቀዋለሁ። የአባቷን አላውቅም።

እኛ ቤት ከኖረችው ዘመን ውስጥ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ወደ ታላቁ ሱቅ ሄድኩ፤ ኒካሃቸው ሲታሰር ሲጠራ ሰምቼ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ጠፋኝ አለ። ካራንቲና ወርጄ ታናሼን ጠየቅሁት። ብዙ አሰበ። "እታለም ነበረቻ" አለኝ፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ነጋዴውን ጠብቄ ጠየቅሁት፤ የሚጠየቅ ሰው ቆላው ላይ አልቀረም አለኝ።

ሼሁ አላህ ያውቃታል፣ ኒያሽ ይበቃል አሉኝ። "በአባቴ ሚስት ስም" ብዬ ለበይክ አልኩ፤ ሌላ የምላት አጣሁ። ሕዝቡ እየገፋኝ ካዕባን ስዞር ሰው ሁሉ የየራሱን ሰው ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ እየጠራ ይለምናል። እኔም ልጠራላት ስል ምላሴ ሳላዘው የራሴን ሰባት ቤት፣ ከአባቴ ጀምሮ መቁጠር ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ነክሼ ያዝኩት።